ዋካንዳም ውስጥ «ጸረ-ሰላም ኃይሎች» አሉ እንዴ?!

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና እኔም ከሥሩ ልጀምር።

መጋቢት 28 ቀን 2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 2016) ማርቭል የሚባለው የአሜሪካ የኮሚክ አሳታሚ አዲስ ተከታታይ ጀመረ። ስሙ «ብላክ ፓንተር»፣ ሽፋኑ ላይ ቁጥር 1 ተጽፎበታል። ደራሲው ታነሃሲ ኮትስ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት የወሰደ፣ በዘር ጉዳይ ላይ ብዕሩ የሚፈራ ጋዜጠኛ ማለት ነው። ሥዕሉ የብራያን ስቴልፍሪዝ፣ ቀለሙ የሎራ ማርቲን። ዋጋው 4 ዶላር ከ99 ሳንቲም። የኮሚክ ሱቆች ከሩብ ሚሊዮን ቅጂ በላይ አዘዙ። መቶ ሺህ ቅጂ ሲሸጥ ጮቤ በሚረገጥበት ገበያ ይሄ ትልቅ ድግስ ነው።

ድግሱ ላይ ጭብጨባው ቀለጠ። ጥቁር ደራሲ፣ ጥቁር ሠዓሊ፣ ጥቁር ንጉሥ! እሰየው ነው፤ ማን ይጠላል? ሁለት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ፊልሙ መጣና በዓለም ዙሪያ ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዛቀ። ይሁን እንጂ ጭብጨባ ሲበዛ ጆሮ ይደፍናል። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ከመጀመሪያዋ ዕትም ውስጥ አንድ ጥያቄ ተውጦ ቀርቷል ባይ ነኝ። ዓመታት ስላለፉ ጥያቄው አላረጀም። እንዲያውም እኛ አገር ከመቼውም ይልቅ ዛሬ ይሠራል።

ጥያቄው ይሄ ነው፦ ያ ሁሉ የማዕድን ሠራተኛ ንጉሡ ላይ የተነሣው ለምንድነው?

ያልተደፈረች አገር

መጽሐፉን ያላያችሁ አንባብያን እንዳትቸገሩ ባጭሩ ላስረዳ። ዋካንዳ አፍሪካ ውስጥ እንዳለች ተደርጋ የተፈጠረች የልብ ወለድ አገር ናት። ቅኝ ገዥ ያልረገጣት፣ ቫይብራኒየም የሚባል ብርቅ ማዕድን የታደለች፣ በቴክኖሎጂ ነጮቹን ያስከነዳች። ንጉሧ ትቻላ ጭምብል አጥልቆ «ብላክ ፓንተር» ሆኖ ይዋጋል። ገጸ ባሕርዩን ስታን ሊ እና ጃክ ከርቢ የፈጠሩት እ.ኤ.አ. በ1966 ነው።

የኛ ሰው ዋካንዳን ሲያይ ወዲያው «ይቺማ እኛ ነን!» ይላል። ዓድዋ አለና! 1888 አለና! አልፈርድበትም፤ የኔም ደረት ይነፋል። ግን ኧረ ለመሆኑ ነጭ ያልገዛው ሕዝብ በማን ተገዛ? ከዓድዋ የተመለሰው ገበሬ የተመለሰው ወደ ገባርነቱ ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ባልተደፈረች አገር ውስጥ ነው። በ1965 እና በ1966 የወሎ ሕዝብ እንደ ቅጠል የረገፈው፣ ረሃቡም ከዓለም ዓይን የተሸሸገው፣ ባልተደፈረች አገር ውስጥ ነው። «አልተደፈርንም» ማለትና «ነጻ ነን» ማለት ለየቅል ናቸው። ገዥዎቻችን ግን አንዱን በሌላው ሲሸጡልን ኖረዋል። ደሞዝ ስትጠይቃቸው ስለ ዓድዋ ይነግሩሃል። ዳቦ ስትላቸው ታሪክ ይጋብዙሃል።

ኮትስን የማከብረው እዚህ ላይ ነው። ይሄን ያህል የሠለጠነ ሕዝብ እንዴት ሆኖ እስከ ዛሬ በአንድ ሰው ፈቃድ ይተዳደራል? ጥሩ ሰውስ ንጉሥ ሆኖ ጥሩ ሰው መሆን ይችላል? ብሎ ነው የተነሣው። ለጀግና ተረት ጸሐፊ ከባድ ጥያቄ ነው። በእውነት ደፋር ጥያቄ ነው።

ታዲያ በመጀመሪያዋ ዕትም ምን አደረገው?

አረንጓዴ ዓይን

ንጉሥ ትቻላ ቫይብራኒየም ወደሚቆፈርበት «ታላቁ ጉብታ» ወደሚባለው ስፍራ ይመጣል። በልቡ የሚያስበውን ከገጹ ላይ እናነባለን። የመጣው ሠራተኞቹን ሊያመሰግን ነው፤ አባት ልጁን እንደሚወድ ይወዳቸዋል። ሠራተኞቹ ግን ገንፍለው ይነሣሉ። ከወታደሮቹ ጋር ይያያዛሉ፤ ደም ይፈሳል። በዚህ መሃል ንጉሡ የሰዎቹን ዓይን ያያል። አረንጓዴ ብርሃን ይንቦገቦግበታል። ለካስ ዘንዚ የምትባል፣ የሰው ስሜት የምትቀሰቅስ ሴት እዚያው ቆማለች። በቃ፣ ምስጢሩ ተፈታ! ሕዝቡ በራሱ አልተነሣም፤ ያስነሣችው አለች።

ኧረ ጎበዝ! ይቺን ዘፈን የት ነው የምናውቃት?

ደርግ ሲቃወሙት «አናርኪስት» እና «የኢምፔሪያሊዝም ተላላኪ» ይል ነበር። ኢሕአዴግ መጣና «ጸረ-ሰላም ኃይሎች»፣ «የሻዕቢያ ተላላኪ» ማለት ጀመረ። ልብ በሉልኝ፤ ይቺ ኮሚክ በታተመችበት በመጋቢት 2008 በኅዳር ወር ከጊንጪ የተነሣው የኦሮሚያ ተቃውሞ ገና አልበረደም ነበር። የመሬት ጥያቄ ነበር፣ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ጥያቄ ነበር። ጥያቄው በስሙ እየተጠራ ነበር። በመስከረም 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ በቀናት ውስጥ ግን የመንግሥት ቃል አቀባይ ጣቱን የቀሰረው ግብጽና ኤርትራ ውስጥ አሉ ወዳላቸው ኃይሎች ነበር። ከ2010 ወዲህም መዝገበ ቃላቱ ታደሰ እንጂ ልማዱ አልተለወጠም። «የቀን ጅብ» ተባለ፣ «ጽንፈኛ» ተባለ። ባለሥልጣኑ ይለዋወጣል፤ «ከጀርባ ያለው እጅ» ግን የዕድሜ ልክ ሹመት አለው።

እጅ የሚባል ነገር ፈጽሞ የለም እያልኩ አይደለም። ግርግር ለሌባ ይመቻል፤ ክብሪት ይዞ የሚዞር ሰው የትም አይጠፋም። ግን እርጥብ እንጨት በአንድ ክብሪት አይነድም። እንጨቱን ማን አደረቀው? እኔ የምጠይቀው እሱን ነው። የዋካንዳው ቆፋሪ ደሞዙ ስንት ነው? ጉድጓድ ሲደረመስበት ለልጆቹ ማን ይደርስላቸዋል? ያን ሁሉ ቫይብራኒየም አውጥቶ ማታ ቤቱ ሲገባ ምን ይበላል? አንዱም የለም። ለፍትሕ ያህል፣ መጽሐፏ ስትጀምር አገሪቱ ላይ የደረሰውን መዓት ሁሉ፣ ጎርፉንም ወረራውንም፣ ትዘረዝራለች። ግን ያ የአገር መከራ ዝርዝር ነው፤ የቆፋሪው አንደበት አይደለም። ንጉሡ የልቡን ይናገራል፣ እናቲቱ ትናገራለች፣ አስማተኛዋ ትናገራለች። ቆፋሪው ያለው ነገር ቢኖር አረንጓዴ ዓይን ነው!

ማሪካናና ሻኪሶ

እውነተኛ የማዕድን ሠራተኛ ሲነሣ ምን ይመስላል? ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እዚሁ አህጉራችን ላይ አለ።

ነሐሴ 10 ቀን 2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 16 ቀን 2012) ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ማሪካና በሚባል ቦታ አድማ የመቱ የፕላቲኒየም ቆፋሪዎች ላይ ፖሊስ ተኩሶ 34 ሰው ገደለ። አፓርታይድ ከወደቀ 18 ዓመት ሆኖታል፤ ሥልጣን ላይ ያለው ጥቁር መንግሥት ነው። የሰዎቹ ጥያቄ ምን ነበር? በቁጥር የሚነገር ጥያቄ ነበር፦ በወር 12,500 ራንድ ይከፈለን። ይኸው ነው። ከግድያው በኋላ አጣሪ ኮሚሽን ሲቋቋም ግን ፖሊስ ካነሣቸው ነገሮች አንዱ ምን መሰላችሁ? ሠራተኞቹ በባህል መድኃኒት ተቀብተው፣ ጥይት አይነካንም ብለው ነበር የሚል! እዩልኝ እንግዲህ። 12,500 ራንዱ ወደ ጓዳ ገባና መድኃኒቱ ሳሎን ተቀመጠ። ዘንዚ ኮሚክ ላይ ከመሣሏ በፊት አስማቷ ኮሚሽን ፊት ቀርቦ ነበር ማለት ነው።

ወደ ቤታችን እንምጣ። በ2010 ዓ.ም. የለገደንቢ የወርቅ ማውጫ ፈቃድ ለ10 ዓመት ታደሰ ሲባል የሻኪሶና የአካባቢው ሕዝብ ተነሣ። ምን አለ? ውሃችን ተበከለ፣ ልጆቻችን ጉዳት ይዘው ይወለዳሉ፣ ከብቶቻችን አለቁ አለ። የማንም ዓይን አረንጓዴ አልበራም። አቤቱታው ግልጽ ነበር፤ ግንቦት ላይ መንግሥት ፈቃዱን አገደ። እንዲህ ነው ሰው የሚቆጣው፤ ምክንያቱን ይዞ።

እናም አንድ ደራሲ አፍሪካዊ ቆፋሪዎችን ወታደር ፊት አቁሞ ደም ሲያፈስስ ማሪካና ከኋላው ቆማ ታየዋለች። ወደደም ጠላም ታየዋለች። ቢያንስ አንዷን ሴት ወይም አንዱን ሽማግሌ «እኔ የጎደለኝ ይሄ ነው» ቢያስብል ምን ይጎዳው ነበር? አንድ አረፍተ ነገር እኮ ነው የምንለምነው!

ከርእሱ ጋር የተጣላ መጽሐፍ

ይብስ ብሎ የሚያናድደኝ ርእሱ ነው። ኮትስ ለዚህ ታሪክ የሰጠው ርእስ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ከእግራችን ሥር ያለ ሕዝብ» እንደማለት ነው። ርእሱን የወሰደው ስቲቨን ሃን የሚባል ታሪክ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2003 ካሳተመው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በዓመቱ በታሪክ ዘርፍ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ምን ይላል? የአሜሪካ ደቡብ ገጠር ጥቁሮች፣ ገና በባርነት ሳሉና ከባርነት ከወጡም በኋላ፣ በዘመድ፣ በቤተ ክርስቲያንና በሥራ ቦታ እየተጠራሩ የራሳቸውን ፖለቲካ በራሳቸው እጅ እንደገነቡ ያሳያል። ባሪያ አሳዳሪዎቹ «የኛዎቹ እንኳን ደስተኞች ነበሩ፣ የሰሜን ሰዎች መጥተው አሳሳቱብን» ይሉ የነበረበትን ተረት የሚያፈርስ ሥራ ነው። እንግዲህ የዚህን መጽሐፍ ርእስ ወስዶ፣ መክፈቻው ላይ ሕዝቡን በአስማተኛ ማስነሣት ምን ይባላል? ቆቡን ወስዶ ጸሎቱን መተው ነው።

ስሙም አለ። ብላክ ፓንተር የሚባለው ፓርቲ በኦክላንድ የተመሠረተው ገጸ ባሕርዩ በወጣ በሦስት ወሩ፣ በኦክቶበር 1966 ነው። ሂዩ ኒውተን እና ቦቢ ሲል መጀመሪያ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ ቁጭ ብለው አሥር ነጥብ መጻፍ ነው፦ ሥራ፣ ቤት፣ ትምህርት፣ የፖሊስ ግድያ ይቁም… እያሉ። ቁጣ ወረቀት ላይ ሲሰፍር እንደዚያ ነው። የኮትስ አባት ደግሞ ባልቲሞር ውስጥ የዚያ ፓርቲ አባል የነበሩ ሰው ናቸው። የአሥር ነጥቡ ልጅ ለቆፋሪዎቹ አንድ ነጥብ እንኳ አጣ? ከሌላ ሰው ቢሆን «አያውቅም» ብዬ አልፈው ነበር። ከሱ ግን አልጠብቅም።

የተሳካለት ግማሽ

አሁን ደግሞ ሐቁን ልናገር፤ መጽሐፏ ሁለት ግማሽ አላት። ሁለተኛው ግማሽ ግሩም ነው።

አኔካ የንጉሡ ሴት ዘበኞች አለቃ ናት። አንድ የጎጥ ገዥ በሥሩ ያሉትን ሴቶችና ልጃገረዶች መጫወቻ ሲያደርግ አይታ ገደለችው። ችሎት ቀረበች። የንጉሡ እናት ራሞንዳ ዳኛ ሆና ሞት ፈረደችባት። ሕግ ሕግ ነው! ያ ሰውዬ ያን ሁሉ ግፍ ሲሠራ ግን ያ ሕግ የት ነበር? እኛ አገር «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚባለው ለዚህ አይደል? ከዚያ አዮ የምትባለው ጓደኛዋ፣ ፍቅረኛዋም ናት፣ አዲስ የተሠራ የጦር ልብስ ሰርቃ እስር ቤቱን ሰብራ አስመለጠቻት። ሁለቱም ለዙፋኑ የማሉ ነበሩ፤ ሁለቱም ከዙፋኑ ተለዩ።

ይሄ ነው አመጽ ማለት። ምክንያት አለው፣ ስም አለው፣ ክርክር አለው። አንባቢው የራሞንዳንም የአኔካንም ሰምቶ በራሱ ሕሊና ይፈርዳል። ስቴልፍሪዝም እዚህ ላይ እጁ ይፈታል፤ የሴቶቹን ቁመና፣ የችሎቱን ክብደት ያለ ብዙ ጣጣ ያስቀምጠዋል።

ግን እስቲ ሁለቱን ግማሾች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ቤተ መንግሥት ውስጥ ያደሩት ዘበኞች ሲያምጹ ምክንያት ተሰጣቸው። ጉድጓድ ውስጥ የሚውሉት ሠራተኞች ሲያምጹ አስማት ተሰጣቸው። ባለ ማዕረጉ ያስባል፣ ለፍቶ አዳሪው ይነዳል! ደራሲው መጻፍ አቅቶት አይደለም፤ አኔካን የጻፈ እጅ ቆፋሪውንም መጻፍ ይችል ነበር። ጥፋቱን የሚያከብደውም ይኸው ነው።

«ቆይ፣ ገና ቁጥር አንድ እኮ ነው!»

ይሄን ስል የሚቆጡ እንዳሉ አውቃለሁ። «ተከታታይ ታሪክ ነው፣ ታገስ፣ ወደ በኋላ ይብራራል» ይሉኛል። ልክ ናቸው፣ ይብራራል። ዘንዚ የምትቀሰቅሰው ቀድሞም ውስጣቸው ያለውን ስሜት እንደሆነ ይነገረናል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ቁጥር 12 ላይ ሲደረስም ዋካንዳ ወደ ሕገ መንግሥት ታመራለች፤ የንጉሡ ሥልጣን ልጓም ሊበጅለት ነው። ለዚህ ክብር ይገባዋል።

መልሴ ግን ሁለት ነው።

አንደኛ፣ ውስጣቸው ያለ ስሜት ከሆነ ምንድነው እሱ? መጀመሪያ ላይ ማሳየት የነበረበት እሱን ነው። አስማተኛዋን አስቀድሞ ምክንያቱን ማስከተል የገዥ አነጋገር ነው። ዜና ሲነበብስ እንዲህ አይደል? «ሁከት ፈጣሪዎች» ርእስ ላይ፣ የውሃና የመብራት ጥያቄው መጨረሻ ላይ፣ ያውም ጊዜ ከተረፈ።

ሁለተኛ፣ «በኋላ ይመጣል» የሚሉት ነገር «ላም አለኝ በሰማይ» ነው። የኛ ጋዜጣ አንባቢ ይሄን ከማንም በላይ ያውቃል። የፕሬስ አዋጁ በ1985 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ስንት «ቅጽ 1 ቁጥር 1» ገዝተናል? ስንቱስ ቁጥር 20 ሳይደርስ ቀረ? ኮሚክም ያው ነው። ማርቭል የአኔካንና የአዮን የቀድሞ ታሪክ የሚተርክ ሌላ ተከታታይ በዚያው በ2016 መጨረሻ ጀምሮ ነበር፤ በስድስተኛ ዕትሙ ተዘጋ። ነገ የሚባል ነገር በአሳታሚው ኪስ ውስጥ ነው ያለው። ብላክ ፓንተር ራሱ ከዚህ በፊት በ1977፣ በ1998፣ በ2005 (እ.ኤ.አ.) «ቁጥር 1» ተብሎ ወጥቷል፤ ከዚህም በኋላ በ2018 እንደገና «ቁጥር 1» ተብሏል። አዲስ ቁጥር አንድ ገበያ ስለሚጠራ ነው። ቁጥር አንድን እንደ ዋና ዕቃ ከሸጥክ በቁጥር አንድ ትዳኛለህ። 4 ዶላር ከ99 የከፈለው ሰው የገዛው ያቺን ዕትም እንጂ አሥራ ሁለተኛዋን አይደለም።

«ልብ ወለድ ነው፣ ምን አካበደህ?» የሚልም አይጠፋም። ወንድሜ፣ ልብ ወለድ ስለሆነ ነው የማካብደው። ቃል አቀባይ ሲናገር ሰው ይጠራጠራል፤ ተለማምደነዋል። ኮሚክ ሲያነብ ግን ማንም አይጠራጠርም። ያ አረንጓዴ ዓይን የ14 ዓመት ልጅ ልብ ውስጥ ይቀመጣል። አድጎ ጎዳና ላይ የወጣ ሰልፈኛ ሲያይ «እነዚህን ማን ነድቷቸው ነው?» ይላል እንጂ «ምን ጎድሏቸው ነው?» አይልም።

ፍርዴ

ይቺ የመጀመሪያ ዕትም ግማሿ ከምርጦቹ ተርታ ትሰለፋለች፣ ግማሿ ደግሞ የመንግሥት መግለጫ ናት። ጥያቄዋ ትልቅ ነው፣ አኔካና አዮ ሕያው ናቸው፣ ሥዕሏ ያማረ ነው። ግን የሕዝብን ቁጣ በመጀመሪያው ትዕይንት ለጠንቋይ አስረክባለች። ጀግና አለን፣ ንጉሥ አለን፣ አስማትም አለን፤ ሕዝብ የለንም።

እኛም አገር በአማርኛ የራሳቸውን ባለ ልዩ ኃይል ጀግና የሚሥሉ ወጣቶች ብቅ ማለት ጀምረዋል፤ እሰየው። ለነሱ አንድ ነገር ልበል። ካባ አታሳንሱት፣ አብርሩት፣ ግንብ ይብሳ። ቁጥር አንድን ስትሠሩ ግን ጀግናው ከመነሣቱ በፊት አንድ ሠራተኛ በስሙ ይጠራ፣ የጎደለውንም በራሱ አፍ ይናገር። ደሞዙን በብር፣ ዕዳውን በብር፣ የቤት ኪራዩን በብር። ከዚያ በኋላ ዓይኑ አረንጓዴም ቀይም ቢበራ ግድ የለም፤ ለምን እንደበራ አንባቢው ያውቃል።